የፓርክ ጠባቂዎቹ አባቶች ሳያልፉ ምን እንጠይቃቸው?

ደባርቄው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እስካውት (ጠባቂ) ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ደባርቅ ተቀምጠዋል። አብረዋቸው የሠሩ ጥቂት አባቶችም አሉ። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ የሚያወሩት ወሬ ሁሌ ይገርመኛል። ዋልያ የት ገደል ላይ ይወልዳል፣ የትኛው ምንጭ መቼ ደረቀ፣ የአስታው ዛፍ ድሮ እስከ የት ድረስ ይወርድ ነበር። ድንኳኑ ሲፈርስ ወሬውም አብሮ ይበተናል።

ስለ ፓርኩ የተጻፈ ነገር ሞልቷል። የጻፉት ግን በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ሰነዶቹም እንደዚያ ስለሆኑ።) በ1963 የዩኔስኮ ቡድን መጥቶ ለመንግሥት ምክር ሰጠ። ከ1967 እስከ 1969 ሲ. ደብሊው. ኒኮል የሚባል የዌልስ ተወላጅ የፓርኩ የመጀመሪያ ዋርደን (የጥበቃ ኃላፊ) ሆኖ ሠራ። ደኑ ሲመነጠር ማስቆም አቅቶት አዝኖ ሄደ። በኋላ ጃፓን ኖሮ፣ እዚያ የተራቆተ ጫካ ገዝቶ መልሶ ሲያለማ ዕድሜውን ጨረሰ፤ በ2020 ነው ያረፈው። ፓርኩ በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስዊዛዊው ሃንስ ሁርኒ ዋርደን ነበር። እሱም ከዚያ በኋላ የአገራችንን የአፈር መከላት ሲያጠና ነው የኖረው።

ክብር ይገባቸዋል፤ ሠርተዋል፣ ጽፈዋል። ግን ዋርደኑ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ውርጩን የሚችለው እስካውቱ ነው። የሱን ስም የት ነው የማገኘው? የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ካልሆነ የትም።

ከፍልሰታ በኋላ ስልኬን ይዤ ድምፃቸውን መቅዳት ልጀምር ነው። ጥያቄ በማዘጋጀት እርዱኝ። "ሥራው እንዴት ነበር?" ስላቸው "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነበር" ይሉኝና ያልቃል።

———

ቢኖኩላር

ደባርቄው፣ ከልቤ ነው የምደግፍህ። የዱር እንስሳት ጥናት ነው የተማርኩት፤ ሰሜንም ለቆጠራ ተመላልሻለሁ። አንድ ጊዜ ጨነቅ ገደል ጫፍ ላይ መነጽሬን ይዤ ቁጭ ብዬ፣ አብረውኝ የነበሩት አባት በባዶ ዓይናቸው አይተው "ከጅባራዋ በስተግራ፣ እናት ከነግልገሏ" አሉኝ። እኔ በመነጽር ፈልጌ እስካገኛት ድረስ እሳቸው ሌላ ሦስት ቆጠሩ። ጥናቱ ላይ የኔ ስም አለ። የሳቸው "የፓርኩን ሠራተኞች እናመሰግናለን" የምትለው መስመር ውስጥ ናት።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ዋልያ በዓለም ላይ ሰሜን ብቻ ነው ያለው። (ብሔራዊ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር የሚሰደበው እሱ መሆኑ ያሳዝነኛል።) ሰሜን በ1978 ከላሊበላ ጋር የዓለም ቅርስ ሲሆን፣ በዓለም ላይ መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1996 ግን አደጋ ያንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ዋልያው ቀንሷል፣ እርሻው ሰፍቷል፣ ግጦሹ በዝቷል፣ መንገድ በመሀል ያልፋል ተብሎ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው።

የነዚያን ዓመታት ሪፖርቶች አንብቤያቸዋለሁ። ስብሰባ፣ ውሳኔ፣ ምክረ ሐሳብ። "ልቅ ግጦሽ ቀንሷል" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ እንድትጻፍ፣ መሬት ላይ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቷል? ሪፖርቱ ይህን አይልም። የሚያውቁት የአንተ አባቶች ናቸው።

አጠያየቁን በተመለከተ፣ ዓመተ ምሕረት አትጠይቃቸው። "በሰባ ሰባቱ ድርቅ"፣ "መንገዱ ሲሠራ"፣ "ደርግ ሲወድቅ" እያልክ ጠይቅ። ቤት አስቀምጠህም ብቻ አትጠይቅ። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ጉልበታቸውም ከፈቀደ፣ ሳንቃ በር ድረስ በመኪና ውሰዳቸው። ቦታው ራሱ ያስወራቸዋል። ደግሞ ክፍተቱን ጠይቅ። ከ1985 ገደማ ጀምሮ ደርግ እስኪወድቅ አካባቢው የጦርነት ቀጠና ነበር። ሠራተኛው ወጣ፣ ካምፖቹ ፈረሱ፣ መዝጋቢም አልነበረም። ዋልያው እነዚያን ዓመታት የት ከረመ? ማን አየው? እነሱ ካልነገሩህ ማንም አይነግርህም።

———

ጥያቄ አለኝ

ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ልቸልስበት፤ እንዳትቀየሙኝ።

ፓርኩ ሲከለል ቦታው ባዶ አልነበረም። ሰው ገብስ ይዘራበት ነበር፣ ከብት ያሰማራበት ነበር። ካርታው ላይ መስመር ያሰመረው ሰው ፓርኩ ውስጥ የነበረችውን የግጭን መንደር ገበሬ ያማከረ አይመስለኝም። አንድ ቀን ጠዋት ሰውየው በአያቱ ማሳ ላይ ሕገ ወጥ ሆኖ አደረ። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ፤ በ2016 ከ400 በላይ አባወራ ከግጭ ተነሥቶ ደባርቅ አጠገብ ሰፈረ። ቢኖኩላር የምትለው የ2017ቱ ደስታ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ካሳ ተከፍሏል፣ ይገባኛል። ግን ዕድሜ ልኩን በበግና በገብስ የኖረ ሰው ከተማ ዳር በብር እንዴት ይኖራል? ብር ያልቃል።

እና እስካውቱን ብቻ ከቀዳህ፣ ደባርቄው፣ የምታገኘው የጠባቂውን ታሪክ ነው። የተጠበቀበትም ሰው አለ።

———

ደባርቄው

ያልከው ልክ ነው። ግን ሁለቱ ወገኖች አጥር ለይቷቸው የኖሩ አይምሰልህ። አጎቴ የተወለዱት ከፓርኩ ክልል ጥግ ካለ መንደር ነው። ሲቀጠሩ የሚከለክሉት ባዕድ አልነበረም፤ አብሮ አደጋቸውን ነው፣ የሚስታቸውን ወንድም ነው። አንድ ጊዜ የአማታቸውን በሬዎች ከክልከላ ቦታ ነድተው አወጡ። ከዚያ በኋላ ማኅበር ላይ እሳቸው ሲገቡ ጨዋታው ይቋረጥ ነበር። ለበዓል የሚጠራቸው ሰው ጠፋ።

ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ አክስቴ ናቸው። እሳቸው ስለ ዋልያ ጠይቃቸው እንጂ ስለዚህ ትንፍሽ አይሉም። በከብቱ ሰበብ የመጣውን ስድብ የሰሙት፣ ገበያ ላይ ጀርባ የተሰጣቸው ሚስቶቹ ናቸው። ስለዚህ እነሱም ይቀዳሉ። የግጭ ሰዎችንም ፈቃደኛ ከሆኑ እጨምራለሁ። ግን እዚያ ሰፈር የማውቀው ሰው የለኝም።

———

የመንዝ ልጅ

ጠባቂና የተጠበቀበት ስትሉ እኛ ጋ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። ጓሳን ታውቁታላችሁ? መንዝ ውስጥ፣ መሀል ሜዳ አጠገብ። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ፣ ስፋቱ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ። ብሔራዊ ፓርክ ግን አይደለም። የሚጠብቀው ባላገሩ ነው።

አባቶች እንደሚሉት የከለሉት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚዎች ናቸው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። (ከቅርብ ጊዜው ፖለቲካ ጋር አታገናኙብኝ፤ የኛው በጣም የቆየ ነው።) ርስተኛው አለቃ ይመርጣል። አለቃው ይዘጋ ሲል ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ጓሳ የሚባለው ሣር ሲደርስ ቀኑ ይነገርና ሁሉም ይወጣል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ዶፍ ዝናብ ላይ ገሳ ለብሶ የቆመ እረኛ ካያችሁ የለበሰው ጓሳን ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. (ይህ በኛው ነው) የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ርስት ቀረ። ቄሮም ከርስት ጋር አብሮ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር ቄሮ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ርስት የሌለው ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። አዋጁ ለሱ ጽድቅ ነበር። ግን የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነና ሣሩ በየጊዜው ይታጨድ ጀመር። ማገዶው ተነቀለ። መልሶ ለማቆም ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ብዙ ሽማግሌም ደከመበት። ሕዝቡ ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ በኮሚቴ ያዘው፣ በኋላ ክልሉም በሕግ ዕውቅና ሰጠው። አሁን ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። ጓሳ ላይ ከ2005 ጀምሮ የጭላዳ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሀል ገብታ አይጥ ስታድን አዩ። ጭላዳዎቹ አይሸሿትም፣ እሷም ልጆቻቸውን አትነካም። ቆጠሩት፤ መንጋው መሀል ስትሆን ከሙከራዋ 67 በመቶው ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስትሆን ግን 25 በመቶው። ይህ በ2015 ታትሞ ዓለም ሁሉ ተደነቀ። የኛ እረኞች ድሮም ያውቁታል። እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ፐርሰንቱን ብቻ ነው ያልሠራሁት።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አባቶቹን "ማንን ነበር የምትፈሩት?" በልልኝ። ጓሳ ላይ የሚያጭደውም የሚጠብቀውም ሰው የሚፈራው ጎረቤቱን ነው። ደመወዝተኛ ጠባቂ የሚፈራው አለቃውን ነው። አለቃው ሲርቅ ምን ያደርጉ ነበር? እዚያ ላይ ነው ሰውየው የሚታወቀው።

———

ጥያቄ አለኝ

የመንዝ ልጅ፣ ጓሳ ሁሌ እንደ ምሳሌ ይመጣል፣ ጥሩም ነው። ግን ራስህ እንዳልከው ቄሮ ርስት የሌለውን አግልሎ ነው የቆመው። የተከለለ ቦታ ሁሉ ከውጭ የሚያስቀረው ሰው አለው። ያለሰው የተጠበቀ መሬት የትም አላየሁም፣ ሰው ሳይከፋበት የተጠበቀም አላየሁም።

"ማንን ነበር የምትፈሩት?" የምትለዋን ግን ወድጃታለሁ።

———

ጋሽ እርከን

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ስሜን አትጠይቁኝ፤ ይህን ቅጽል ያወጣልኝ የልጅ ልጄ ነው። ዕድሜዬን በደን ልማትና በአፈር ጥበቃ ሥራ አሳልፌ ከሸዋ ነው ጡረታ የወጣሁት። ለመንዙ ልጅ ጎረቤቱ ነኝ።

ደባርቄው ያነሣኸው ነገር የቆየ ነው። መናገሻ ሱባን ተመልከት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ወጨጫ ላይ አስተከሉ ይባላል። ንጉሡን ሁሉም ያነሣቸዋል፣ ደግ አደረጉ። ዘሩን ከወፍ ዋሻ ተሸክሞ የመጣውስ? ችግኙ ከፍየል አፍ እንዲያመልጥ በብርድ የቆመውስ? አንድም ስም የለንም።

በእኔ የሥራ ዘመን ሪፖርት የሚጻፈው በተተከለው ልክ ነበር። በዓመቱ ተመልሶ ስንቱ ጸደቀ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደስ ይለን ነበር፤ ጠያቂው ቢያሳፍረንም። ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ እንደ ባሕር ዛፍ አይደሉም። ዘራቸው አስቸጋሪ ነው፣ ዕድገታቸው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ የአገር በቀል ዛፎችን ማባዛት ላይ ዕድሜያቸውን ያዋሉት ለዚህ ነው። እንደሳቸው ያለ ሰው ባይኖር ችግኝ ጣቢያው ሁሉ ባሕር ዛፍ ብቻ ይሆን ነበር።

ደግሞ ሁሉም ጥበቃ ገደል ላይ አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ2023 አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው የዘራችንንና የአፈራችንን ነገር በዓለም መድረክ ተከራክረው የኖሩ ናቸው። ስለ ሥነ ሕይወት ደኅንነት የካርታሄና ስምምነት ሲደረስ የአፍሪካን ወገን የመሩት እሳቸው ናቸው። በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ወንበር ላይ ተቀምጦም መሬት ይጠበቃል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው እንደሳቸው ከሆነ።

የቤተ ክርስቲያን ደንም አትርሱ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር ላይ ከካህናቱ ጋር ሆነው የደኖቹን ዙሪያ በድንጋይ ማጠር ጀመሩ። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ደኑ ታጠረ፣ የገበሬውም ማሳ ጸዳ። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ ምሁራን አጋጥመውኛል፤ በጣም ቀላል ስለሆነባቸው። ቀላል ነገር ግን ባላገር በራሱ ጉልበት ይቀጥለዋል፤ ውድ ነገር በጀቱ ሲያልቅ ይቆማል።

ለአንተ ደባርቄው የምመክርህ፣ ከድምፁ ሌላ ዕቃቸውንም ፎቶ አንሣ። የሥራ ደብተር፣ የተረኛ መዝገብ፣ የድሮ መታወቂያ ካላቸው። ሽማግሌ ያለ ዕቃ አያስታውስም። ደብተሩን እጁ ላይ ስታስቀምጥለት ግን ቀኑን ከነ ሰዓቱ ይነግርሃል።

———

ደባርቄው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴ ጋ አሮጌ ደብተር እንዳለ አውቃለሁ። ምን እንዳለበት አንድም ቀን ገልጬ አላየሁም። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

———

ሮቤ

እኛ ባሌዎች ዝም አላችሁ እንዳንባል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላይ ያለው ባሌ ነው። ጥይት አይደለም ዋናው ጠላቱ። ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ተነሥቶ ብዙ የጨረሰባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ ጥበቃ ማለት በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ መከተብም ነው። ዝናብ ላይ ውሻ አሯሩጦ ይዞ፣ ባለቤቱን ለምኖ፣ መርፌ መውጋት። በ2023 ባሌ የዓለም ቅርስ ሲሆን ፎቶ ላይ የታየው አምባሳደር ነው፤ ውሻ የነከሰው ልጅ አልነበረም።

ውሻ ስለመከተብ ጠይቃቸው። ሳቅም ታገኛለህ።

———

የሃይፋዋ

ወላጆቼ ወደ እስራኤል የመጡት ከሰሜን ነው። እዚህ ያደግነው የዚያን ተራራ ስም በእናቴ አፍ እየሰማን ነው። በ2019 ፓርኩ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሄደው ነበር። ያን ሰሞን እናቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሣም አለች። እነዚህ ከመሄዳቸው በፊትም፣ አብረዋቸውም፣ ቅጠልና አፈር ይዞ እሳቱ ፊት የቆመው ግን የዚያው አገር ሰው ነው። ዜናው ስለሱ ብዙም አላለም።

ስለ እሳት ጠይቅልኝ፣ ወንድሜ። አስታ ሲቃጠልና ጓሳ ሲቃጠል እሳቱ አንድ ነው ወይ? በየት በኩል ነው የሚቀድሙት? ነፋስ ሲዞር ምን ያደርጋሉ? ድሮስ እረኞች እሳት ይለኩሱ የነበረው ለምንድነው? ከዚህ ሁሉ ደግሞ የቦታዎቹን ስም አንድ በአንድ ጻፍ። እናቴ የምትጠራቸው ቦታዎች ካርታ ላይ የሉም። ግማሾቹ የእምነታችን ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ የኖሩባቸው መንደሮች ናቸው። እዚያ የቀሩት አባቶች ስማቸውን ሳያውቁ አይቀሩም።

———

ቨርጂኒያ ነኝ

ከዲሲ አካባቢ ነው የምጽፈው። መስከረም ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ሐበሻው በሙሉ ልጆቹን ጭኖ ሸናንዶዋ ይሄዳል። ምግብ ይዘን፣ ክራር እያዳመጥን፣ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለውን መንገድ እንወጣለን። ያ ፓርክ የተቋቋመው በ1935 ነው። ለብዙ ጊዜ ስሄድ የማላውቀው፣ እዚያ ተራራ ላይ ከ500 በላይ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ተነሡ። አንዳንዶቹን ፖሊስ ነው ያስወጣቸው። ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብቻ እስኪሞቱ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። ጥያቄ አለኝ ስለ ግጭ ሲጽፍ እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የኋለኛውን ነው። በፓርኩ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የተፈናቃዮቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰባስበው መታሰቢያ አቁመዋል። መታሰቢያው የድንጋይ ጭስ ማውጫ ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ ቆሞ የሚቀረው እሱ ስለሆነ። አጠገቡ የቤተሰቦቹ ስም ተዘርዝሯል። ይህ የሆነው ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ተነሺዎች ሞተው አልቀዋል። ታሪካቸው የተሰበሰበው በተረፈ ደብዳቤና በልጆች ትዝታ ነው።

ግጭ የተነሣው በ2016 ነው። ሰዎቹ በሕይወት አሉ። የቤታቸውን ቦታ በጣታቸው ያሳዩሃል። እስካውቱንና የግጭን ሰው በአንድ ላይ የምትቀዳበት ዕድል አለህ፤ አሜሪካኖቹ ይህ ዕድል አምልጧቸዋል።

———

ቢኖኩላር

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፣ ከመርሳቴ በፊት። የዋልያ መውለጃ ቦታ፣ የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ፣ ይህን የመሰለው ነገር ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ቁጥራቸው በቅርብ ዓመታት ወርዷል፤ አዳኝም አለ። ድምፁን ሁለት ቦታ አስቀምጥ። አንዱ ለሕዝብ የሚሆን፣ አንዱ ለጥናት ብቻ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልጆች ጋር ብትነጋገር ማስቀመጫ አታጣም።

ሌላው፣ ከመቅዳትህ በፊት ፈቃዳቸውን ቅዳ። "ይህን ከሞትኩ በኋላ አውጣው" የሚልህ ሰው ይኖራል። የአማታቸው በሬዎች ታሪክ ለምሳሌ፣ አጎትህ ሳይፈቅዱ እዚህ ላይ መውጣት ነበረበት ወይ? ስም አልጠራህም፣ አውቃለሁ። ደባርቅ ግን ትንሽ ከተማ ናት።

———

ጋሽ እርከን

ይህ ትክክል ነው። አጎትህን ጠይቃቸው።

———

ደባርቄው

ጠየቅኋቸው። ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ስነግራቸው ሳቁ። "ሰውየውም ሞቷል፣ በሬዎቹም አልቀዋል፤ ይኑር" አሉ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? በሬዎቹን ያወጡት ሕግ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ያ ቦታ የምንጭ ራስ ነው። በሬ ከረገጠው በታች ያለው መንደር በጋ ላይ ውሃ አያገኝም። የታችኛው መንደር ደግሞ የእናታቸው አገር ነው። እንግዲህ ይህን የትኛው ሪፖርት ላይ ነው የምታገኘው?

"ማንን ነበር የሚፈሩት?" ስላቸው ትንሽ አሰቡና "የበጋውን ወራት" አሉኝ። የመንዝ ልጅ፣ መልሱ ላንተ ነው።

ደብተሩንም አየሁት። አብዛኛው የተረኛ ስምና ቀን ነው። መሀል መሀል ላይ ግን በእርሳስ የተጻፈ አለ፤ "ዛሬ 11 አየን፣ 4 ግልገል"፣ "ጉም ነው፣ ምንም"፣ "ነብር ዱካ"። የጦርነቱ ዓመታት ባዶ ናቸው። እሱን ስጠይቃቸው ያኔ ደብተር ማን ይዞ አሉና፣ ተረኛም ሳይመደቡ እየወጡ ያዩ የነበሩ ሁለት ሰዎችን ስም ነገሩኝ። አንደኛው በሕይወት አለ። ከሱ ነው የምጀምረው።

የቦታ ስሞቹን ለሃይፋዋ እህቴ ለብቻ እልክላታለሁ። ሠላሳ ያህል ደርሻለሁ፣ ገና ሳንቃ በር አካባቢ ነን። ፎቶዎቹንም ቢኖኩላር እንዳለው ቦታ የሚያሳዩትን ለይቼ ነው የምጭነው።

የቀረኝ የግጭ ሰዎች ነገር ነው።

———

ጥያቄ አለኝ

አባቴ ግጭ ነው የተወለደው። የአጎቶቼን ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ትልቁ ጆሮው ከብዷል፣ ጮክ ብለህ አናግረው። አጎትህን ይዘህ ብትመጣም አይከፋቸውም፤ በስም ይተዋወቃሉ።